ፓንሲትና ቻው ሜን በቤት፦ ኑድሌ ለምን ገንፎ ይሆናል?

የሳሪስ ልጅ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10)

ሰላም ለሁላችሁ። ዱባይ ስድስት ዓመት ስሠራ ሳትዋ ሰፈር ከሁለት ፊሊፒናውያን ጋር አንድ ክፍል ተጋርተን እንኖር ነበር። ትልቋን «አቴ» ነበር የምላት። በእነሱ ቋንቋ ታላቅ እህት ማለት ነው። አርብ ዕረፍታችን ስለነበር ጠዋት ተነስታ ፓንሲት፣ የፊሊፒኖችን የኑድል ምግብ፣ ትሠራለች። ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ የነጭ ሽንኩርቱ ሽታ ነበር።

አሁን አዲስ አበባ ነኝ። ልጄ በሚቀጥለው ሳምንት አምስት ዓመት ይሞላታል። አቴ በልደት ቀን ፓንሲት የግድ ነው ትል ነበር። ኑድሉ ረጅም ስለሆነ ዕድሜሽ ይርዘም ማለት ነው። ይህን ለልጄ ላደርግላት ፈልጌ ሁለት ጊዜ ሞከርኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ ገንፎ ሆነብኝ።

ያደረግኩትን ልንገራችሁ። ቀጭኑን የሩዝ ኑድል እንደ ስፓጌቲ በፈላ ውሃ አሥር ደቂቃ ቀቀልኩት። ከዚያ ከዶሮና ከአትክልት ጋር ጠበስኩት። ተጣበቀ፣ ተበጣጠሰ፣ መጨረሻ ላይ በማንኪያ የሚበላ ሆነ። በሁለተኛው ሙከራ ወደ አምስት ደቂቃ ቀነስኩ። ለውጥ የለውም። ያለኝ ባለ ሁለት ማብሰያ የኤሌክትሪክ ስቶቭና አንድ ሰፊ መጥበሻ ነው። ወክ (የቻይናውያኑ ጎድጓዳ መጥበሻ) የለኝም። ምኑ ጋ ነው የሳትኩት?

ካራማ ነዋሪ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡48)

እህቴ፣ ስህተቱ መቀቀሉ ላይ ነው። ቀጭን የሩዝ ኑድል አይቀቀልም፤ ይነከራል።

ፍርፍር ስትሠሪ እንጀራውን ቀድመሽ ውሃ ውስጥ አትቀቅይውም አይደል? ቁሌቱን ትሠሪያለሽ፣ ውሃ ትጨምሪያለሽ፣ እንጀራው ያንን ይጠጣል። ፓንሲትም እንደዚያ ነው። ኑድሉ የሚበስለው መረቁን እየጠጣ ነው። ቀድመሽ ውሃ ካጠጣሽው መረቁን የሚያስገባበት ቦታ የለውም። ስለዚህ ጣዕም አይኖረውም፣ ይፈርሳል።

እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። ወደ 225 ግራም ደረቅ ኑድል በቀዝቃዛ ውሃ አሥር ደቂቃ ይነከራል። ሲታጠፍ የማይሰበር ነገር ግን ገና ጠንከር ያለ ሲሆን ወንፊት ላይ አውጪው። መጥበሻው ላይ ቀይ ሽንኩርትና ብዙ ነጭ ሽንኩርት በዘይት አቁላይ። በቀጭኑ የተከተፈ የዶሮ ሥጋ ጨምሪና ሲበስል ካሮት፣ ፎሶሊያና ጥቅል ጎመን አስገቢ። አትክልቱ ገና ቀጭ ቀጭ እያለ ሳለ ግማሹን አውጥተሽ ሳህን ላይ አስቀምጪው። አሁን ግማሽ ሊትር ያህል የዶሮ መረቅና ሦስት የሾርባ ማንኪያ ሶይ ሶስ (የአኩሪ አተር ሶስ) ጨምሪ። ሲፈላ ኑድሉን አስገቢ። በሁለት ሹካ ከታች ወደ ላይ እያነሳሽ አገላብጪ። በማማሰያ አታማስይው፤ ይቆራረጣል። በአምስት ደቂቃ ገደማ መረቁ ይጠጣል። ኑድሉ ገና ከጠነከረ ትንሽ መረቅ ጨምሪ፤ ከላላ ግን መመለሻ የለውም። መጨረሻ ላይ ያወጣሽውን አትክልት መልሺ፣ ቁንዶ በርበሬ ነስንሺ፣ አውርጂ።

ፓኬቱንም አገላብጠሽ እይው። በሩዝ ኑድል ስም የሚሸጠው ብዙው ዛሬ ከበቆሎ ስታርች የተሠራ ወይም የተቀላቀለ ነው። መረቅ የመጠጣት አቅሙ ይለያያል። ስለዚህ መረቁን በአንድ ጊዜ ሁሉንም አታፍስሺ።

የሳሪስ ልጅ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡02)

የፍርፍሩ ነገር ገባኝ! እግዚአብሔር ይስጥሽ። አንድ ጥያቄ ብቻ፤ አቴ ከላይ የምትጨምቀው ትንሽ አረንጓዴ ፍሬ ነበረ። ካላማንሲ የሚሉት። እዚህ ከየት አገኛለሁ?

ካራማ ነዋሪ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20)

የእኛ አገር ትንሿ ሎሚ ትበቃሻለች። ካላማንሲ የመንደሪንና የኩምኳት ዝርያ ድብልቅ ስለሆነ ከሎሚ ትንሽ ጣፈጥ ይላል። ሦስት ሎሚ ጨምቀሽ ላዩ ላይ የግማሽ መንደሪን ጭማቂ ብትጨምሪበት በጣም ይቀርባል። ግን እሳት ላይ እያለ እንዳይገባ። ሎሚውን ቆራርጠሽ ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀምጪ፤ እያንዳንዱ ሰው በራሱ ይጭመቅ።

ከካምፕ ወጥ ቤት (ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡15)

ልጄ፣ ስለ ሩዙ የተነገረሽ ትክክል ነው። እኔ ስለ ስንዴው ኑድል ልጨምር። ብዙ ሰው ሁለቱን በአንድ መንገድ ሊሠራ ሲሞክር ነው የሚበላሽበት።

በመንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ አራት ዓመት የቻይናውያኑ ወጥ ቤት ረዳት ነበርኩ። ዋናው አብሳይ ከደቡብ ቻይና፣ የጓንግዶንግ ሰው ነበር። በቋንቋ ስለማንግባባ በእጁ እያሳየ ነው ያስተማረኝ።

የስንዴ ኑድል ይቀቀላል፤ ግን በደንብ ሳይበስል ይወጣል። ትኩስ ከሆነ አንድ ደቂቃ። ደረቅ ከሆነ ፓኬቱ ላይ ከተጻፈው አንድ ደቂቃ ቀንሺ። ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ይፈስበታል። ከዚያ ወንፊት ላይ ተበትኖ ሩብ ሰዓት ይቀመጣል። ሰው የሚዘላት ይህቺን ሩብ ሰዓት ነው። እርጥብ ኑድል መጥበሻ ላይ ሲገባ መጀመሪያ እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎት ይቀቅላል እንጂ አይጠብስም። መጣበቁም ከዚህ ይመጣል።

ቀጥሎ ብረቱ ነው። አብሳዩ ወኩን ባዶውን ይጥደዋል። ውሃ ጠብ ያደርግበታል። ጠብታዋ እየተንከባለለች ስትሮጥ ዘይት ያፈሳል፣ ብረቱን ዙሪያውን ያስነካና ዘይቱን ይደፋዋል። ከዚያ አዲስ ቀዝቃዛ ዘይት። «መጀመሪያ ብረቱ ይሙቅ፣ ዘይቱ በኋላ» ነው ሥርዓቱ። እንዲህ ሲደረግ ኑድሉም እንቁላሉም አይያዝም። ቴፍሎን የተቀባ መጥበሻ ላይ ግን ይህን አታድርጉ። ባዶውን በኃይል ሲግል ቀቡ ይበላሻል፣ ጭሱም ጥሩ አይደለም።

ቻው ሜን ማለት የተጠበሰ ኑድል ነው። ሎ ሜን ደግሞ በሶስ የተለወሰ። ለቻው ሜን ኑድሉን ብረቱ ላይ ዘርግተሽ አንድ ደቂቃ አትንኪው። ከታች ወርቃማ ሲሆን ገልብጪ። ሁልጊዜ የሚያማስል እጅ ቻው ሜን አይሠራም። ለሎ ሜን ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ ሶሱን አፍልተሽ ኑድሉን ለውሰሽ ታወርጃለሽ።

ሲልቨር ስፕሪንግ (ረቡዕ፣ ከቀኑ 10፡30)

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። «እንፋሎት ይቀቅላል እንጂ አይጠብስም» ያሉትን ለመረዳት እኔ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

እኔ የያዘኝ የበሬ ሥጋ ሆ ፈን ነው። ሰፊው የሩዝ ኑድል። ስሙ ጓንግጆ ውስጥ ካለችው ከሻሄ ነው የመጣው። «ሻሄ ፈን» ይሉታል። ጓንግዶንግ ውስጥ አንድ አብሳይ ይችላል ወይ የሚለው በዚህ ምግብ ነው የሚፈተነው። ኑድሉ መሰበር የለበትም፣ ሳህኑ ላይ ዘይት መንጣለል የለበትም፣ ግን የወክ ትንፋሽ ሊኖረው ይገባል። «ወክ ሄይ» የሚሉት ያንን ነው፤ ዘይቱና ሶሱ የጋለ ብረት ሲነካ የሚወጣው የጭስ ጣዕም።

የቤት ስቶቭ የምግብ ቤቱን እሳት አያክልም። ስለዚህ እሳቱን መጨመር ካልቻልን ምግቡን እንቀንሳለን። በአንድ ጊዜ ከሁለት ሰው በላይ አልሠራም። ሥጋውን ለብቻ ጠብሼ አወጣለሁ። አትክልቱን ለብቻ። ኑድሉን ለብቻ። በየመሃሉ ብረቱ እንደገና እስኪግል እጠብቃለሁ። መጨረሻ ላይ ሁሉም ተመልሶ ገብቶ ሶሱ በመጥበሻው ጠርዝ በኩል ይፈስሳል። መሃል ላይ ከፈሰሰ ብረቱን ያቀዘቅዘዋል። በጠርዙ ሲወርድ ግን ቸስ ብሎ ይቃጠላል፤ ሽታውም ወዲያው ይለወጣል።

ሶሱ ለሁለት ሰው፦ አንድ ተኩል የሾርባ ማንኪያ ቀላሉ ሶይ ሶስ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጥቁሩ ሶይ ሶስ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ኦይስተር ሶስ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ስኳር። ቀላሉ ለጨው ነው፣ ጥቁሩ ለቀለም። ጥቁሩን የቀላሉን ያህል የጨመረ ሰው ምግቡ ይጠቁርበታል።

ስለ ሥጋው ደግሞ። አገር ቤት ያለው ሥጋ ትኩስ ስለሆነ ቶሎ ሲጠበስ ይጠነክራል። መላው ይኸው፦ ክሩን አቋርጣችሁ በስሱ ቁረጡ። ለግማሽ ኪሎ ሥጋ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶይ ሶስ፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ የበቆሎ ስታርችና አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ለውሱበት። ግማሽ ሰዓት ይቀመጥ። አፍ ላይ ይሟሟል። ሶዳውን ግን አታብዙት፤ የሳሙና ጣዕም ያመጣል።

ስለ ወክም ልበል። በኤሌክትሪክ ስቶቭ ላይ ታቹ ክብ የሆነ ወክ አትግዙ። እሳቱን የሚነካው በአንድ ነጥብ ብቻ ነው። ታቹ ዝርግ የሆነ ይሻላል፤ ያለበለዚያ ከባድ የብረት መጥበሻ። አዲስ የብረት ወክ ደግሞ መሟሸት አለበት። ምጣዳችንን በጎመን ዘር እንደምናሟሸው ማለት ነው። የፋብሪካው ዘይት በሳሙና ይታጠባል፣ ብረቱ እሳት ላይ ቀለሙ እስኪለወጥ ይግላል፣ ከዚያ ስስ ዘይት በጨርቅ ይቀባል፤ እየደጋገሙ። ከተሟሸ በኋላ ሳሙና አይበዛበትም፣ እርጥቡንም አይቀመጥም።

ማር ሰፈር (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡05)

የስንዴ ኑድል ያላገኘን ሰዎችስ? ሱቅ ያለው ስፓጌቲ ብቻ ነው።

ከካምፕ ወጥ ቤት (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡40)

በጣም ቀጭኑን ስፓጌቲ ግዛ ወንድሜ። ውሃው ሲፈላ በአንድ ሊትር አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምር። አረፋ ይደፍቃልና ድስቱ ትልቅ ይሁን፤ ሶዳውንም ቀስ እያልክ ነው የምትጨምረው። ቻይናዎቹ ሊጡን ሶዳ መሰል የካርቦኔት ጨው በሟሟበት ውሃ ነው የሚያቦኩት። ቢጫነቱና እንደ ላስቲክ የመሳቡ ነገር ከዚያ ነው የሚመጣው። ሶዳው ያንን በከፊል ይሰጥሃል። ቀቅለህ ስትጨርስ በቀዝቃዛ ውሃ ደህና አድርገህ እጠበው፣ አለዚያ ይመርራል። ካምፑ ውስጥ ዕቃ ሲዘገይብን በዚህ ነበር የምናልፈው።

ጾመኛዋ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡25)

እባካችሁ የጾም አሠራሩንም ንገሩን። ረቡዕና አርብ ፓስታ በስጎ ሰለቸን። እንቁላል የሌለበት ኑድል የቱ ነው? ኦይስተር ሶስስ ለጾም ይሆናል?

ነታንያ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡50)

እህቴ፣ ኦይስተር ሶስ ከባሕር የዛጎል እንስሳ የሚሠራ ነው። ለጾም አይሆንም። ለእኛ ለአይሁዶችም ኮሸር አይደለም፤ ስለዚህ ይህ ጥያቄ የእኔም ነበር። ከእንጉዳይ የተሠራ ተመሳሳይ ሶስ አለ። ጠርሙሱ ላይ እንጉዳይ ይሣላል። ካላገኘሽ ደረቅ እንጉዳይ በሙቅ ውሃ ግማሽ ሰዓት ንከሪ። ውሃውን አትድፊ፣ እሱ ነው መረቅሽ። ሶይ ሶስና ትንሽ ስኳር ሲጨመርበት ሥጋ የገባበት ይመስላል።

ኑድሉን በተመለከተ የሩዙ እንቁላል የለውም። ከማሾ (ከትንሹ አረንጓዴ ጥራጥሬ) የሚሠራው፣ ሲበስል እንደ መስተዋት የሚያሳየው «ሶታንግሆን»ም የለውም። ቢጫው የስንዴ ኑድል ግን ብዙ ጊዜ እንቁላል አለበትና ፓኬቱን አንብቢ። ፓቲስ የሚባለውም የፊሊፒኖች ሶስ ከዓሣ ነው።

እኔ ፓንሲት ያወቅኩት አያቴን በምትንከባከብ ፊሊፒናዊት በኩል ነው። አያቴ ዕብራይስጥ ብዙ አትችልም፣ እሷም አማርኛ አትችልም። ወጥ ቤት ውስጥ ግን ሁለቱም ሽንኩርት እየከተፉ ይግባቡ ነበር። ቅዳሜ ሲወጣ ተል አቪቭ አዲሱ የአውቶቡስ ጣቢያ ሄዳ ኑድሉን ከፊሊፒኖች ሱቅ ታመጣለች። ሽሪምፕና አሳማ አውጥታ በዶሮ ብቻ ትሠራልናለች።

የነገረችኝን ታሪክ ላካፍላችሁ። ፓንሲት የሚለው ቃል ራሱ ከሆኪየን ቻይንኛ ነው። በአጭር ጊዜ የሚዘጋጅ ምግብ ማለት ነው። ከደቡብ ቻይና ከፉጂየን የመጡ ነጋዴዎች ስፔኖች ከመድረሳቸውም በፊት ከፊሊፒንስ ደሴቶች ጋር ይነግዱ ነበር። በ1594 ደግሞ ስፔኖች ማኒላ ውስጥ ክርስትና ለተቀበሉ ቻይናውያን ቢኖንዶ የሚባለውን ሰፈር መሠረቱ። ዛሬም አለ። ኑድሉ በዚያ መንገድ ገብቶ የአገሬው ሆነ። የሩዙን ኑድል «ቢሆን» የሚሉትም ከዚያው ነው። የእኛን ቃል ይመስላል እንጂ በሆኪየን የሩዝ ዱቄት ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ከተማ የራሱን አበጀ። ማላቦን የባሕር ዳር ከተማ ስለሆነች ፓንሲቷ ወፍራም ኑድልና የባሕር ምግብ ነው። ሉክባን ውስጥ በሙዝ ቅጠል ላይ አድርገው ያለ ሹካ በቀጥታ ወደ አፍ ይወስዱታል፤ «ሀብሀብ» ይሉታል። ሴቡ ውስጥ ደግሞ የስንዴውንና የማሾውን አንድ ላይ ይሠሩታል፤ ባም ኢ ነው ስሙ። እኔ ከሁሉም ይህንን እመርጣለሁ። አንዱ ይለሰልሳል፣ አንዱ ይታኘካል።

ለባም ኢ የስንዴው ደረቅ ኑድል፣ «ካንቶን» የሚሉት ፓኬት፣ ቀድሞ የበሰለ ስለሆነ አይነከርም። በቀጥታ መረቁ ውስጥ ይገባል። የማሾው ግን ይነከራል።

አራዳ (ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡00)

እኔ በርበሬና ትንሽ ኮረሪማ እጨምርበታለሁ። በጣም ይጥማል። ሞክሩት።

ካራማ ነዋሪ (ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4፡12)

ወንድሜ፣ በቤትህ እንደወደድክ ሥራው። እኔ ግን መጀመሪያ እንዳለው ቅመሱት እላለሁ። ፓንሲት ጣዕሙ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከመረቅና ከሎሚ ነው። በርበሬ ሲገባ ሦስቱንም ይሸፍናቸዋል። የሚያቃጥል የፈለገ ሚጥሚጣ ለብቻ ጎን ላይ ያድርግ። አንዲት ፊሊፒናዊት ዶሮ ወጥ ላይ ሶይ ሶስ ብትጨምር እኛም እንዲሁ አንድ ቃል መናገራችን አይቀርም።

አራዳ (ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4፡30)

ልክ ነሽ። ሚጥሚጣውን ጎን ላይ አደርጋለሁ።

ጾመኛዋ (ሐሙስ፣ ከቀኑ 8፡45)

የሰሊጥ ዘይት የሚሉትስ? የእኛው የሰሊጥ ዘይት አንድ ነው?

ሲልቨር ስፕሪንግ (ሐሙስ፣ ከቀኑ 11፡10)

አንድ አይደለም። የቻይናው ሰሊጡ ከተቆላ በኋላ የሚጨመቅ ነው። ቡናማ ነው፣ ሽታው ኃይለኛ ነው። ለመጥበሻ አይሆንም፤ ምግቡ ከወረደ በኋላ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጠብ ይደረጋል። አዲስ አበባ ካጣሽው የሁመራ ሰሊጥ ቆልተሽ፣ በሙቀጫ ሸርከት አድርገሽ ላዩ ላይ ነስንሺ። እኔ ራሴ ከዘይቱ ይህንን እመርጣለሁ። እዚህ የምንገዛው ዘይት ሰሊጡ ከእኛ አገር ሄዶ ሊሆን እንደሚችል ሳስብ ደስ ይለኛል፤ ቻይና ከኢትዮጵያ ሰሊጥ ዋና ገዢዎች አንዷ ናት።

የሳሪስ ልጅ (ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2፡20)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ የቀረኝ ነገር አለ። ለልደቱ ከልጆቹና ከወላጆቻቸው ጋር ወደ 18 ሰው ይመጣል። በአንድ ትልቅ ድስት ልሥራው?

ከካምፕ ወጥ ቤት (ዓርብ፣ ከጠዋቱ 3፡05)

እንዳታደርጊው ልጄ። በትልቅ ድስት ከታች ያለው ገንፎ ይሆናል፣ ከላይ ያለው ሳይበስል ይቀራል። ካምፑ ውስጥ ለስልሳ ሰው ስንሠራ እንኳ በዙር ነበር። መከተፉን ሁሉ ከዋዜማው ጨርሺ። መረቁን አዘጋጅተሽ ሙቅ አድርገሽ አስቀምጪ። አንዱን ፓኬት ሠርተሽ ሰፊ ትሪ ላይ ገልብጪ፣ ከዚያ ሁለተኛውን፣ ከዚያ ሦስተኛውን። በየዙሩ ኑድሉን የምትነክሪው የፊተኛው እሳት ላይ እያለ ነው። ቀድመሽ ሁሉንም ከነከርሽ የመጨረሻው ውሃ ጠጥቶ ያልቃል።

የሳሪስ ልጅ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡35)

ሠራሁት!

ሦስት ዙር፣ ጋሼ፣ ልክ እንዳሉኝ። ቦሌ በኩል የቻይና ዕቃ ከሚሸጥ ሱቅ ኑድሉን ገዛሁ። በቀዝቃዛ ውሃ አሥር ደቂቃ ነከርኩ። የመጀመሪያው ዙር መረቅ ትንሽ አንሶት ነበር፣ ሁለት ጭልፋ ጨመርኩ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ምንም አላሉም። ኑድሉ አንድ በአንድ ተለያይቶ ወጣ። በሹካ ሳነሳው ረጅም ሆኖ ተንጠለጠለ። እዚያው ስቶቩ አጠገብ ቆሜ ትንሽ አለቀስኩ።

ከላይ የተቀቀለ እንቁላል ቆራርጬ፣ ባሮ ሽንኩርት ነስንሼ፣ ሎሚውን ዙሪያውን ደረደርኩት። ልጆቹ ሲመጡ እናቴ ቢላ አንስታ ኑድሉን ልትቆራርጥላቸው ነበር፤ እንዲመቻቸው ብላ። «እማዬ፣ አይቆረጥም፣ ዕድሜ ነው» አልኳት። ቢላውን መልሳ አስቀመጠችና በእጇ ለእያንዳንዱ ልጅ አጎረሰች። ኑድል ሲጎረስ አይቼ አላውቅም። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው እየተሰለፉ ወሰዱላት።

ማታ ለአቴ በቪዲዮ ደወልኩላት። አሁንም ዱባይ ናት። ትሪውን አሳየኋት። ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ አየችና መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ጎመኑን መጨረሻ ላይ ነው ያስገባሽው?» ብላ ነው። አዎ አልኳት። «ይታያል» አለችኝ።

የተረፈ አንድ ሳህን አለ። ፍሪጅ ውስጥ ገብቶ ደርቋል። ነገ እንዴት ላሙቀው?

ካራማ ነዋሪ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡50)

እልልል! እንኳን ደስ አለሽ፣ ለልጅሽም ረጅም ዕድሜ። መጥበሻ ላይ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ውሃ፣ ኑድሉ ላዩ ላይ፣ ክዳን፣ ሁለት ደቂቃ በትንሽ እሳት። ከዚያ ክዳኑን ከፍተሽ በሹካ አላቅቂው። ሎሚ አዲስ ቁረጪ።